ለሥራ የሚላክ የአኒሜሽን ዴሞ ሪል አሠራር፦ ጅማ ላሉ ጀማሪዎች

«ወንድሜ፣ እስቲ ይቺን ሪል እይልኝ» ብሎ ላፕቶፑን የሚከፍትልኝ ልጅ ሲመጣ፣ ብዙ ጊዜ ገና ሳላየው የምለውን አውቀዋለሁ። ዴሞ ሪል ማለት የተሻሉ ሥራዎቻችሁን ሰብስባችሁ ለቀጣሪ የምታሳዩት አጭር ቪዲዮ ነው። ኪቶ ፉርዲሳ አካባቢ ቡና ይዘን ስንት ሪል አይተናል። ስሙ 12 ሰከንድ ሙሉ ይሽከረከራል፤ ጆሮ የሚበጥስ ሙዚቃ ይገባል፤ ከዩቲዩብ ትምህርት የተገለበጠ ልምምድ ይከተላል፤ ደህናው ሾት (አንዱ ቁራጭ ትዕይንት) 2ኛው ደቂቃ ላይ ተቀብሯል። ቀጣሪው እዚያ ድረስ አይጠብቅም። የሚገርመው አብዛኞቹ ልጆች ማንቀሳቀስ ያውቃሉ። የሚወድቁት ሾት ሲመርጡ፣ ሬንደር ሲያደርጉ (ሥራውን ወደ መጨረሻ ምስል ሲያወጡ) እና ሲልኩ ነው። ከታች ያለውም በአብዛኛው ስለ እነዚህ ሦስቱ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

እስካሁን የሠራችሁትን ሁሉ ከነፕሮጀክት ፋይሉ ሰብስቡ። ቪዲዮው ብቻ ካላችሁ ስህተት ማረም አትችሉም። ላፕቶፑ ላይ 50 ጊጋባይት ያህል ባዶ ቦታ አዘጋጁ፤ አንድ ቅጂ ደግሞ ሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀምጡ።

ሶፍትዌር ለመግዛት አትጨነቁ። የ3ዲ አኒሜሽን ሶፍትዌሩ ብሌንደር ነፃ ነው። ለኤዲት የዳቪንቺ ሪዞልቭ ነፃው ስሪት ይበቃል፤ ላፕቶፑ ካልቻለው ብሌንደር ውስጥ ያለው የቪዲዮ ኤዲተር ሥራውን ይጨርሳል። ማያ የተባለውን ሌላ የ3ዲ ሶፍትዌር የምትጠቀሙ ተማሪዎች ከሆናችሁ አውቶዴስክ በየዓመቱ የሚታደስ ነፃ የተማሪ ፈቃድ ስለሚሰጥ፣ ቫይረስ ያለበት ክራክ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ መገልበጡን ተዉት።

ሦስት ሳምንት መድቡ። ክረምት ላይ ከሆናችሁ አራት በሉት፤ ዝናቡ ሲበረታ መብራቱ የሚያደርገውን ታውቃላችሁ።

ደረጃ 1፦ ለየትኛው ሥራ እንደሆነ ወስኑ

ወረቀት ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፦ «ይህ ሪል ለዚህ ሥራ ነው»። ባዶውን መሙላት ካቃታችሁ ኤዲት አትጀምሩ።

ገጸ ባሕሪ ለማንቀሳቀስ የምታመለክቱ ከሆነ የሚታየው እንቅስቃሴው ነው። መብራቱና ቀለሙ ባያምር ማንም አይቆጣችሁም። ሞዴል ለመሥራት ከሆነ ዕቃውን በዝግታ አንድ ዙር አዙሩና ሞዴሉ የተሠራበትን የሽቦ መስመር (ዋየርፍሬም) ጭምር አሳዩ። ለሪግ (ገጸ ባሕሪው የሚንቀሳቀስበት አጥንትና መቆጣጠሪያ) ሥራ ከሆነ መቆጣጠሪያዎቹ ሲንቀሳቀሱ ትከሻና ጉልበት እንዴት እንደሚታጠፍ ይታይ። አዲስ አበባ ላሉ የማስታወቂያ ድርጅቶችና የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ከሆነ የሚፈለገው ባብዛኛው ሞሽን ግራፊክስ (የሚንቀሳቀስ ጽሑፍና ሥዕል) ነው፤ በአማርኛ ፊደል የተሠራ ቢያንስ አንድ ሾት አስገቡ። የእንግሊዝኛ ርዕስ ብቻ ያለው ሪል «ይህ ልጅ ፊደላችንን አስቀምጦ ያውቃል ወይ?» ያሰኛል።

ሁለት ዓይነት ሥራ የምትፈልጉ ከሆነ ሁለት ሪል ሥሩ። አንድ ላይ አትቀላቅሉ።

ደረጃ 2፦ ሰብስቡ፣ ከዚያ ጣሉ

1. ሾቶቻችሁን ሁሉ አንድ ፎልደር ውስጥ አድርጉ። ድምፁን ዝጉና በተከታታይ እዩ።

2. ለእያንዳንዱ ሾት ጮክ ብላችሁ አንድ ነገር ተናገሩ። አፋችሁ «እዚህ ጋ ገና ነው» ወይም «ጊዜ አጥቼ ነው እንጂ» ካለ፣ ሾቱ ወጥቷል። ቀጣሪው አጠገብ ቆማችሁ ልታስረዱለት አትችሉም።

3. ቦምቦሊኖዋን አውጡ። በብሌንደር የጀመረ ሰው ሁሉ የሠራት ያቺ ባለቀለም ዶናት የት እንደተማራችሁ ትናገራለች እንጂ ምን እንደምትችሉ አትናገርም። ደረጃ በደረጃ ተከትላችሁ የሠራችሁት ማንኛውም ነገር እጣው ይኸው ነው።

4. በቡድን የሠራችሁትን መያዝ ትችላላችሁ፤ ግን የእናንተ ድርሻ የቱ እንደሆነ ሾቱ ላይ በትንሽ ጽሑፍ አስቀምጡ። የጓደኛን ሥራ የራስ አስመስሎ ማቅረብ አንድ ቀን ይጋለጣል፤ የአገራችን የአኒሜሽን ሰው እርስ በርሱ ይተዋወቃል።

5. የቀረውን ለሦስት ሰው አሳዩ፤ አንዱ ስለ አኒሜሽን ምንም የማያውቅ ይሁን። «እንዴት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፣ «አሪፍ ነው» ይሏችኋል። «አንዱን ጣል ብትባል የቱን ትጥላለህ?» በሉ። ሁለት ሰው አንዱን ሾት ከጠቆመ አትከራከሩ።

ርዝመቱ ከ60 እስከ 75 ሰከንድ ይበቃል። ተጥሎ ተጥሎ 35 ሰከንድ ብቻ ቢቀር 35 ሰከንድ ላኩ። በደካማ ሾት መሙላት በጥሩ ወተት ላይ ውኃ መጨመር ነው፤ ቀማሹ ወዲያው ያውቃል።

ደረጃ 3፦ የጎደለውን አንድ ሾት ሥሩ

ይህ ለገጸ ባሕሪ አኒሜተሮች ነው፤ ሌሎቻችሁ ወደ ደረጃ 4 እለፉ።

የጀማሪ ሪል ላይ ሁልጊዜ የሚጎድለው ክብደት ነው። ገጸ ባሕሪው ይዘላል፣ ይጨፍራል፣ ግን ምድር ላይ የቆመ አይመስልም። ክብደት ለመማር ደግሞ ጅማ የሚመች ከተማ ነው። ቡና መጋዘን በር ላይ ቁሙና ጫኝና አውራጆቹን ተመልከቱ። ለኤክስፖርት የሚዘጋጅ የቡና ጆንያ 60 ኪሎ ነው፤ ከአይሱዙ ላይ ጆንያ ተቀብሎ፣ ጥቂት እርምጃ ተራምዶ የሚያወርድ ሰው አንድ ሾት ይበቃዋል። ጆንያው ከከበዳችሁ ሙቀጫና ዘነዘና ይዛ ቡና የምትወቅጥ ሴት፣ ወይም በሦስት እግሩ የጅማ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የሚነሳ ሽማግሌ ሞክሩ። ቦክስ የሚማታ ሮቦት ግን ይቅርባችሁ፤ እንደሱ ያለ ሪል በየቀኑ ይላካል።

1. አስፈቅዳችሁ ቅረጹ። ስልኩን አግድም አድርጋችሁ አንድ ቦታ አስደግፉት፤ እየተከተላችሁ አትቅረጹ። አንድ ጊዜ ከጎን፣ አንድ ጊዜ ከፊት ሰያፍ አድርጉ።

2. ቪዲዮውን ብሌንደር ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት ሃንድብሬክ በሚባለው ነፃ የቪዲዮ መቀየሪያ በሰከንድ ወደ ቋሚ 24 ፍሬም (ምስል) ቀይሩት። ስልክ የሚቀርጸው የፍሬም ብዛት ስለሚዋዥቅ፣ ሳትቀይሩ ብታስገቡት ሾቱ መሃል ላይ የቀረጻችሁት ቪዲዮና ገጸ ባሕሪያችሁ ይለያያሉ። ጥፋቱን ስትፈልጉ አንድ ቀን ይበላችኋል።

3. ሪግ አውርዱ። የብሌንደር ስቱዲዮ ገጸ ባሕሪዎች ሬይንና ስኖው ነፃ ናቸው፤ የሠሪውን ስም መጥቀስ ግን ግዴታ ነው። ሪግ ራሳችሁ ካልሠራችሁ አያሳፍርም፣ የምታመለክቱት ለማንቀሳቀስ ነው።

4. ከ6 እስከ 8 ቁልፍ ፖዝ (አቋም) ብቻ አስቀምጡ፤ እንቅስቃሴው እየዘለለ እንዲሄድ ኢንተርፖሌሽኑን (በፖዞቹ መሃል ያለውን አሞላል) «ኮንስታንት» አድርጉት። እዚህ ጋ ቁሙና ለሰው አሳዩ። ፖዞቹ ብቻቸውን ታሪኩን ካልነገሩ፣ ማለስለስ አያድናቸውም።

5. ከዚያ ወደ «ቤዚየር» ቀይሩ። ሁሉም ነገር ውኃ ውስጥ እንዳለ ይንሳፈፋል፤ አትደንግጡ፣ የሁሉም ሰው እንዲህ ነው። ግራፍ ኤዲተር (የእንቅስቃሴው ኩርባ የሚታይበት መስኮት) ውስጥ ገብታችሁ የሚቆሙበትን አቁሙ፣ የሚፈጥኑበትን አፍጥኑ።

6. ጆንያው ትከሻ ላይ ሲያርፍ ወገቡ ከ2 እስከ 4 ፍሬም ዘግይቶ ዝቅ ይበል፤ ጉልበት ይታጠፍ፤ ከዚያ ጥቂት ቀና ይበል። ይቺን ካጠፋችሁ ጆንያው ጥጥ የሞላበት ይመስላል። እርምጃውም ያጥራል፤ 60 ኪሎ የተሸከመ ሰው እግሩን አያንሳፍፍም።

ሲበላሽ፦ እግሩ መሬት ላይ ከተንሸራተተ፣ ተረግጦ በቆየበት ጊዜ ሁሉ የእግር መቆጣጠሪያው ቦታ አንድ መሆኑን አረጋግጡ። ጉልበቱ በድንገት ቀጥ ብሎ «ጠቅ» ካለ፣ እግሩ ከአቅሙ በላይ ተዘርግቷልና ወገቡን ጥቂት ዝቅ አድርጉ። ጆንያው ከመኪናው ወደ ትከሻ ሲሸጋገር ቦታ ስቶ ከዘለለ፣ ጆንያውን ከትከሻ ጋር በሚያስረው «ቻይልድ ኦፍ» ላይ «ሴት ኢንቨርስ» የሚለውን ሳትጫኑ አልፋችኋል።

ደረጃ 4፦ ከመብራት ጋር ተስማምታችሁ ሬንደር አድርጉ

አንድ ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ ሬንደር ሲያደርግ ያደረ ፋይል ሊነጋጋ ሲል መብራት ሄዶብኝ፣ ጠዋት የማይከፈት ቪዲዮ አገኘሁ። ጥፋቱ የመብራቱ ብቻ አልነበረም። በቀጥታ ወደ ኤምፒ4 ነበር ያወጣሁት። ኤምፒ4 መጨረሻው ካልተዘጋ አይከፈትም፤ 1 ፍሬም ቢቀረውም እንኳ።

መጀመሪያ ሒሳቡን ሥሩ። 75 ሰከንድ በ24 ፍሬም 1800 ፍሬም ነው። አንዱ ፍሬም 20 ሰከንድ ከፈጀ 10 ሰዓት ይሆናል። 2 ደቂቃ ከፈጀ 60 ሰዓት፤ ይህን ደግሞ ላፕቶፓችሁም መብራቱም አይችሉትም። ስለዚህ ዝግተኛውን የብሌንደር ሬንደር ማድረጊያ ሳይክልስን ትታችሁ ፈጣኑን ኢቪ ተጠቀሙ። ለእንቅስቃሴ ሥራ ጥርት ያለ የቪውፖርት (የመሥሪያ መስኮቱ) ሬንደርም ተቀባይነት አለው፤ መቆጣጠሪያ መስመሮቹን መደበቅ ብቻ አትርሱ።

1. ውጤቱን ወደ ፒኤንጂ ምስሎች አውጡ። እያንዳንዱ ፍሬም ለብቻው ይቀመጣል፤ መብራት ቢሄድ የተሠራው አይጠፋም።

2. ለእያንዳንዱ ሾት የተለየ ፎልደር ስጡ።

3. የውጤት ማስተካከያው ውስጥ «ኦቨርራይት» የሚለውን ምልክት አንሱ። መብራት ተመልሶ ሬንደሩን ስታስጀምሩ፣ ብሌንደር የተሠሩትን ዘልሎ ከቀረው ይቀጥላል።

4. ከመቀጠላችሁ በፊት የመጨረሻውን ምስል አጥፉ። መብራቱ የሄደው እሱ እየተጻፈ ሳለ ሊሆን ስለሚችል ግማሹ ባዶ ይሆናል። ኮምፒውተሩ ግን «አለ» ብሎ ይዘለዋል፤ ሪሉ ላይ ለአንድ ፍሬም ብልጭ የሚል ጥቁር የሚመጣው ከዚህ ነው።

5. ሲያልቅ የምስሎቹን ብዛት ቁጠሩ። ሾቱ 192 ፍሬም ከሆነ 192 ፋይል መኖር አለበት።

ፕሮጀክቱ ራሱ ተዘግቶ ከጠፋባችሁ «ፋይል» ውስጥ «ሪከቨር» የሚለው ጋ ግቡ፤ ብሌንደር በራሱ በየ2 ደቂቃው ያስቀምጣል። ላፕቶፑን ሬንደር ላይ ሳለ ፍራሽ ላይ አታስቀምጡት፣ አየር ያጣል። የጠረጴዛ ኮምፒውተር ያላችሁ ደግሞ ዩፒኤስ የሚሰጣችሁ ጥቂት ደቂቃ ሥራውን አስቀምጣችሁ እንድታጠፉ ነው እንጂ ሬንደር እንድትጨርሱበት አይደለም።

ደረጃ 5፦ ኤዲት

ከሁሉ የተሻለውን ሾት መጀመሪያ አድርጉ። ሁለተኛውን መጨረሻ ላይ አስቀምጡ። «የተሻለውን ለመጨረሻ» የሚባለው ለሠርግ ድግስ ይሠራል፣ ለሪል አይሠራም።

በሾትና በሾት መሃል ቀጥታ ቁረጡ። የሚፈነዳ፣ የሚገለበጥ፣ የሚሟሟ ሽግግር አታስገቡ። አንዱን ሾት በሦስት ቦታ ቆራርጣችሁ አትበትኑ፤ የሚያየው ሰው እንቅስቃሴው ሲጀምርና ሲያልቅ ማየት ይፈልጋል። አንድን ሾት ደግማችሁ አታሳዩ።

ሙዚቃ ካስፈለገ ዝቅ ያለና ፈቃድ ያለው ይሁን። የታወቀ ዘፈን ብታስገቡ ዩቲዩብ ሊያግደው ወይም ድምፁን ሊያጠፋው ይችላል። ለነገሩ ብዙ ቀጣሪ የሚያየው ድምፁን ዘግቶ ነውና እዚህ ላይ ሁለት ቀን አትፍጁ። ገጸ ባሕሪው የሚናገርበት ሾት ካለ ግን ንግግሩ ይሰማ፣ ሙዚቃው እዚያ ላይ ይቁም።

ደረጃ 6፦ ስም፣ ስልክና ዓመት

ትንሽ የሚመስል፣ ግን ሰው ሥራ የሚያጣበት ቦታ ነው።

መጀመሪያ ላይ ለ3 ሰከንድ ስም፣ የሥራ ዓይነትና ኢሜይል አሳዩ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ያንኑ ለ5 ሰከንድ። አርማ አታሽከርክሩ።

ስማችሁን በላቲን ፊደል አንድ ጊዜ ወስኑና ሪሉም፣ ሲቪውም፣ ኢሜይሉም፣ ፓስፖርት ካላችሁ እሱም ላይ አንድ ዓይነት ይሁን። ሲቪው ላይ በአባት ስም፣ ሪሉ ላይ በቅጽል ስም የምትገቡ ከሆነ ቀጣሪው ሁለት ሰው ይመስለዋል። ስልክ ሲሆን ከፊት ያለውን 0 ትታችሁ በ+251 ጀምሩ።

ዓመቱን በፈረንጅ ጻፉ። ይህን አጥብቄ የምናገረው ሁለት ጊዜ ስላየሁት ነው፦ ሪሉ መጨረሻ ላይ «2018» ተብሎ የተጻፈበት፣ ትኩስ ሥራ ነው። ለእኛ ሥራው የተሠራበት ዓመት ነው፤ ውጭ አገር ላለ ሰው ግን 7 ወይም 8 ዓመት ያረጀ ሥራ ነው። አዲስ አበባ ለሚላከው ችግር የለውም።

ለአማርኛ ጽሑፍ እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ያለ ፊደሉን በትክክል የሚያወጣ ፎንት ምረጡ። የኤዲት ፕሮጀክቱን በሌላ ኮምፒውተር ስትከፍቱት ፊደሉ ወደ ሳጥን ከተቀየረ ፎንቱ እዚያ አልተጫነም ማለት ነው፤ ጫኑትና እንደገና አውጡ።

ደረጃ 7፦ አውጡ፣ ፈትሹ

ኤምፒ4፣ ኤች 264፣ 1920 በ1080፣ 24 ፍሬም፣ በሰከንድ 10 ሜጋቢት። በዚህ ልክ የ75 ሰከንድ ሪል ወደ 94 ሜጋባይት ይመጣል። መስቀያው ፍጥነት በሰከንድ 1 ሜጋቢት ቢሆን 12 ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። 4ኬ አታውጡ፤ ዳታችሁን ይበላል እንጂ ሥራ አያስገኝም።

ከዚያ ሦስት ጊዜ እዩት። አንዴ በስልክ፣ አንዴ በሰው ኮምፒውተር፣ አንዴ ደግሞ ፍሬም በፍሬም። ዩቲዩብ ላይ ቪዲዮውን አቁማችሁ የነጥብና የኮማ ቁልፎችን ብትጫኑ አንድ አንድ ፍሬም ይሄዳል። ጥንቁቅ ቀጣሪ እንደዚህ ነው የሚያየው፤ እጁ በጆንያው ውስጥ ያለፈባትን አንዲት ፍሬም ከእናንተ በፊት ማግኘት የለበትም።

ደረጃ 8፦ ሊንኩን ላኩ

ዩቲዩብ ላይ «አንሊስትድ» አድርጋችሁ ስቀሉት። «ፕራይቬት» ካደረጋችሁት ከእናንተና ለይታችሁ ከጋበዛችሁት ሰው በቀር ማንም አያየውም። እኔ ራሴ የመጀመሪያ ሪሌን እንዲህ ዘግቼ ልኬ ሁለት ወር መልስ ጠብቄያለሁ። ጎግል ድራይቭ ከሆነ «ሊንኩ ያለው ሁሉ» የሚለውን ምረጡ። አሁን የብሮውዘሩን ስውር መስኮት ክፈቱና በራሳችሁ አካውንት ሳትገቡ ሊንኩን ሞክሩ። ተከፈተ? ላኩ። የይለፍ ቃል ጠየቀ? ተመለሱ።

በቴሌግራም ላኩልን ካሏችሁ «ፋይል» አድርጋችሁ ላኩ። እንደ ቪዲዮ ከላካችሁት ይጨመቅና ያ ሁሉ ልፋታችሁ ይደበዝዛል። ለፋይሉ ስማችሁን፣ «ሪል» የሚለውን ቃልና ዓመቱን ስጡት፤ «የመጨረሻ መጨረሻ 3» ብላችሁ አትላኩ።

ከሪሉ ጋር አንድ ገጽ የሾት ዝርዝር አያይዙ፦ ሾቱ በየትኛው ሰከንድ ላይ እንዳለ፣ ምን እንደሠራችሁ፣ በምን ሶፍትዌር፣ ሪጉ የማን እንደሆነ። ኢሜይሉ ከአምስት መስመር አይብለጥ፤ ሊንኩ ሁለተኛው መስመር ላይ ይሁን። የሕይወት ታሪካችሁን ከአንደኛ ክፍል አትጀምሩ።

የማመልከቻ ሰዓት ሲዘጋ በማን አገር ሰዓት እንደሆነ እዩ። ሎስ አንጀለስ በፈረንጅ አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ 5 ሰዓት ከተባለ፣ እነሱ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደፊት በሚገፉበት ወቅት ለእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። በዋዜማው ምሽት ላኩ፤ ያቺን ሌሊት ኔትወርክ አትመኑ።

ከመቀጠራችሁ በፊት «ለሙከራ» ብለው የ1 ደቂቃ ሙሉ ማስታወቂያ በነፃ የሚያሠሯችሁ፣ ወይም ለምዝገባ ብር አስገቡ የሚሏችሁ ካሉ ተዉአቸው። የጥቂት ሰከንድ ፈተና ግን የተለመደ ነው።

መልስ ካልመጣ ሪሉን ከሥሩ አታፍርሱ። ደካማውን አንድ ሾት በአዲስ ተኩና እንደገና አውጡ። ዩቲዩብ በተሰቀለው ላይ ሌላ ቪዲዮ መተካት ስለማይፈቅድ አዲሱ አዲስ ሊንክ ይኖረዋል። የድሮውን ወዲያው አታጥፉ፤ ባለፈው ወር በላካችሁት ሲቪ ላይ ያለው እሱ ነው፣ ቀጣሪውም ዛሬ ሊከፍተው ይችላል።